ሎስ አንጀለስ እየሰማ ነው

ስሙኝማ፤ የዛሬው ወሬዬ የአንድ ቧንቧ ነገር ነው። ቧንቧው የተገኘው «ካሪቢያን ፕሪንሰስ» በሚባል ትልቅ የመዝናኛ መርከብ ውስጥ ነው። መርከቡ ጣሊያን አገር ተሠራ፣ የቤርሙዳን ባንዲራ ሰቀለ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ጀመረ። ርዝመቱ 290 ሜትር ገደማ ነው፤ በአንድ ጉዞ ከ3 ሺህ በላይ መንገደኛ ይጭናል። ላይኛው ፎቅ ላይ መዋኛ ገንዳ አለ፣ ሙዚቃ አለ፣ ማታ ማታ ሰማይ ሥር ተጋድመው የሚያዩት ሲኒማ አለ። እኔ ግን እዚያ አላቆያችሁም። ደረጃውን ይዘን እንውረድ።

ታች፣ ከባሕሩ ወለል በታች፣ ሞተር ክፍሉ ነው። ሙቀቱ ያፍናል፤ ጩኸቱ ጆሮ ሳይደፍኑ አይቻልም። እንዲህ ያለ ማሽን ሌት ተቀን ሲሠራ የማይንጠባጠብ ነገር የለም። ከፓምፑ ውሃ ያመልጣል፣ ከማጣሪያው ዘይት ይወርዳል፣ ወለሉ ሲታጠብ ሳሙናው ከግራሱ ጋር ይደባለቃል። ሁሉም ቁልቁል ወርዶ የመርከቡ የመጨረሻ ወለል ላይ ይጠራቀማል። ቦታውን ባሕረተኞች ቢልጅ ይሉታል። እዚያ ያለው ጥቁር፣ የሚያንሸራትት፣ ልብስ ከነካ ሽታው የማይለቅ ውሃ ነው።

ይህን ውሃ እንዳለ ባሕር ላይ መድፋት ክልክል ነው። ማርፖል የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት መላውን አስቀምጧል። ውሃው መጀመሪያ ዘይትን ከውሃ በሚለይ ማሽን ውስጥ ያልፋል። ወደ ባሕር የሚወጣው ውሃ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ውስጥ ከ15 እጅ በላይ ዘይት ሊኖርበት አይገባም። መውጫው ላይ መለኪያ ተገጥሟል፤ ከ15 ሲያልፍ ይጮኻል፣ ቫልቩ ይዞርና ውሃው ወደ ታንኩ ይመለሳል። ተለይቶ የቀረው ዝቃጭ ወይ እዚያው ይቃጠላል፣ ወይ ወደብ ላይ ተከፍሎበት ይራገፋል። የተደረገው ሁሉ ቀኑና ሰዓቱ፣ መጠኑና ቦታው ተጠቅሶ «የዘይት መዝገብ» በሚባል ደብተር ላይ ይሰፍራል። ሥራውን የሠራው መሐንዲስ ይፈርምበታል፤ ገጹ ሲሞላ ካፒቴኑ ይፈርምበታል። ይህን ደብተር አደራ እንዳትረሱብኝ፤ ኋላ ሰው የሚያስከስሰው እሱ ነው።

እንግዲህ ማሽኑ ይደፈናል። ማጣሪያ መለወጥ ጊዜ ይፈጃል። ወደቡ ለማራገፊያ ያስከፍላል፤ ዋናው መሐንዲስ ደግሞ በጀት አለበት። ታዲያ አንዳንዱ ምን ያደርጋል? ቁራጭ ቧንቧ ያስመጣል። አንዱን ጫፍ ከፓምፑ፣ ሌላውን ወደ ውጭ ከሚያስወጣው መስመር ጋር በብሎን ያጋጥማል። ውሃው መለያውንም መለኪያውንም ሳይነካ በጎን ያልፍና በጨለማ ባሕር ይገባል። ሥራው ሲያልቅ ብሎኑ ይፈታል፣ ቧንቧው ዞር ይላል፣ ታንኩ ባዶ ነው። ዝቃጩ የት ገባ? ማንም አያውቅም። ባሕረተኞችም ስም አውጥተውለታል፦ የአስማት ቧንቧ።

ካሪቢያን ፕሪንሰስ ላይ ይህ ነገር የተጀመረው መርከቡ ሥራ በጀመረ በዓመቱ፣ በ2005 ነበር። ስምንት ዓመት ያህል ማንም አልደረሰበትም።

በ2013 ክረምት አንድ መሐንዲስ ተቀጥሮ ወደ መርከቡ መጣ። ገና አዲስ ነው፤ የመርከቡን አመል አልለመደም። ኦገስት 23 ቀን መርከቡ ከእንግሊዝ ጠረፍ 23 ማይል ገደማ ርቆ ሲጓዝ፣ ቧንቧው ተገጥሞ 4,227 ጋሎን ዘይት ያዘለ ውሃ ባሕር ላይ ተለቀቀ። በሊትር 16 ሺህ ይሆናል። አዲሱ ልጅ አየ። መርከቡ ሳውዝሃምፕተን ወደብ ሲደርስ ሥራውን ለቀቀና ወረደ። ያየውንም ሁሉ ለብሪታኒያ የባሕርና የጠረፍ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነገረ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ሰውየው የመርከቡ አዛዥ አይደለም፣ የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊም አይደለም። ከሰው ሁሉ በኋላ የመጣ ቅጥረኛ ነው። ከእሱ በላይ ብዙ የተሻለ ደመወዝ፣ ብዙ የቆየ ልምድ፣ ብዙ ማዕረግ ተቀምጧል። በእነዚያ ስምንት ዓመታት በዚያ ሞተር ክፍል ስንቱ መሐንዲስ ገባ፣ ስንቱ ወጣ! ቧንቧውን ያየ ሌላ ሰው አልነበረም ብሎ የሚያምን ካለ እጁን ያውጣ።

ወደ ነገራችን። የእንግሊዝ መርማሪዎች መርከቡ ላይ ወጡ። ዋናው መሐንዲስና ከሥሩ ያለው ከፍተኛ መሐንዲስ ነገሩ መውጣቱን ሲያውቁ ካፈርኩ አይመልሰኝ አሉ። ቧንቧው ተነቅሎ እንዲጠፋ አዘዙ፤ የበታቾቻቸው ለመርማሪ እንዲዋሹም አዘዙ። ግን ዘግይተዋል፤ ቧንቧው ተገጥሞ ሳለና ከተነቀለ በኋላ የሚያሳዩት ፎቶግራፎች መርማሪዎቹ እጅ ገብተዋል። ትናንት ብረት የነበረበት ቦታ ዛሬ ባዶ ነው። እንግሊዞቹ ማስረጃውን ለአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ላኩ፤ መርከቡ ወደ ኒው ዮርክ ይሄድ ነበርና።

በመካከሉ የሆነውን ስሙ፤ ይህን ሳነብ እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ መለስ ብዬ አይቻለሁ። በሞተር መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ አለ። የተገጠመው አደጋ ቢደርስ ማን ምን እንዳለ ለማወቅ ነው። መሐንዲሶቹ እዚያ የሚነገረው ሁሉ ካሊፎርኒያ፣ ሎስ አንጀለስ አጠገብ የነበረው የመርከቡ ኩባንያ የፕሪንሰስ ዋና መሥሪያ ቤት ጆሮ ሊደርስ እንደሚችል ያውቃሉ። ዋናው መሐንዲስ ሰዎቹን ሰበሰበና ስለ ቀረበው ክስ «የማጣራት» ስብሰባ ከፈተ። አፉ ይጠይቃል፤ እጁ ደግሞ የተጻፈበት ወረቀት ከፍ አድርጎ ያሳያል። ወረቀቱ «ሎስ አንጀለስ እየሰማ ነው» ይላል። በቴፑ ላይ የሚቀረው አንድ ቅን አለቃ ሠራተኞቹን ሲጠይቅ፣ ሠራተኞቹም የምናውቀው ነገር የለም ሲሉ ነው።

ያ ወረቀት ለእኔ ከቧንቧው ይበልጣል። ኩባንያው መርከቡ ላይ ጆሮ ነበረው፤ በገንዘቡ ገዝቶ ያስገጠመው ጆሮ። ሰዎቹ ግን ያ ጆሮ ምን መስማት እንደሚወድ ከእሱ በላይ ያውቁ ነበር። ዋናው መሐንዲስ ለበታቾቹ ዝቃጩን በወደብ ማራገፍ ውድ መሆኑን፣ የብስ ላይ ያለው ተቆጣጣሪ አለቃውም ያን ወጪ መክፈል እንደማይፈልግ ነግሯቸዋል። የብሱ አለቃ አስማት ቧንቧ ግጠሙ ብሎ ማዘዝ አላስፈለገውም። ወጪ ቀንሱ ካለ በቂው ነው።

ሴፕቴምበር 14 ቀን 2013 አሜሪካኖቹ ኒው ዮርክ ላይ መርከቡን ፈተሹ። አንዳንዶቹ ባሕረተኞች እንደ ታዘዙት ዋሹ። ምርመራው ግን አልቆመም፤ እየተቆፈረ ሲሄድ ቧንቧው ብቻውን እንዳልነበረ ታወቀ። መለኪያውን ማታለያ ሌላ ዘዴም ነበራቸው። ከባሕር ንጹሕ ውሃ የሚያስገባውን ቫልቭ ይከፍታሉ፤ መለኪያው የሚቀምሰው የተበረዘውን ውሃ ስለሆነ አይጮኽም። የእኛ አገር ወተት ሻጭ ውሃ የሚጨምረው ገዢውን ለማታለል ነው፤ እነዚህ ደግሞ ማሽኑን አታለሉ። ሌላም አለ። ከመታጠቢያና ከማእድ ቤት የሚወጣው ውሃ ታንክ ሞልቶ ወደ ቢልጁ ሲፈስ፣ ከዘይት ጋር የተቀላቀለውን ውሃ በመለያው አሳልፎ በማጣራት ፈንታ መልሰው ወደ ታንኩ ይገፉታል፤ ከዚያም ንጹሕ እንደሆነ ሁሉ ባሕር ውስጥ ይወጣል። እንዲህ ያለው ሕገወጥ አሠራር በኩባንያው በሌሎች አራት መርከቦችም ላይ ተገኘ። ስለዚህ የአንድ መርከብ፣ የአንድ ክፉ መሐንዲስ ታሪክ ነው የሚል ቢኖር ሂሳቡ አይገጥምለትም።

በዲሴምበር 2016 ፕሪንሰስ በሰባት ከባድ የወንጀል ክሶች ጥፋተኛ ነኝ ለማለትና 40 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በመርከብ ሆን ተብሎ በተፈጸመ ብክለት ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ቅጣት ተከፍሎ አያውቅም። ኩባንያው ድርጊቱን ፖሊሲውን በጣሱ ሠራተኞች ላይ አሳበበ።

አሁን ያን ደብተር አስታውሱ። ዘይቱ የፈሰሰው በእንግሊዝ ባሕር ነው፤ መርከቡ የቤርሙዳ ነው። አሜሪካ ምን አገባት? ያገባት በደብተሩ ነው። መርከቡ የአሜሪካ ወደብ ሲገባ ትክክለኛ የዘይት መዝገብ ይዞ መገኘት አለበት፤ የሐሰት መዝገብ ይዞ ከገባ ወንጀሉ እዚያው ወደቡ ላይ ተፈጸመ ማለት ነው። ክሱም በማሴር፣ መዝገብ በማጭበርበርና ምርመራ በማደናቀፍ ነበር። ባሕር ለምስክርነት አይጠራም። 16 ሺህ ሊትር ዘይት ያዘለ ውሃ ማዕበሉ በቀናት ውስጥ በትኖታል፤ የተፈረመበት ገጽ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። ዐቃቤ ሕጉ የሚያሳድደው ፈሳሹን ሳይሆን ውሸቱን ነው። እኔ ይህን እንደ ብልሃት ብቻ አላየውም። ዘይት በብልሽትም ሊፈስ ይችላል፤ «ተጣርቶ ወጣ» ብሎ መፈረም ግን በብልሽት አይሆንም።

እንዲህ ያለ ደብተር ለመርከብ ሰዎች አዲስ አይደለም። ሮያል ካሪቢያን የተባለው ሌላው ታላቅ ኩባንያ በ1990ዎቹ በዚሁ ነገር ተይዞ ነበር። በኦክቶበር 1994 የጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን «ሶቨረን ኦቭ ዘ ሲስ» የተባለውን መርከብ ፖርቶ ሪኮ አጠገብ፣ ከኋላው ዘይት እየጎተተ ሲሄድ ከሰማይ አየው። ምርመራው ሲከፈት የኖርዌይ መሐንዲሶች የዘይት መዝገቡን በቋንቋቸው «የተረት መጽሐፍ» እያሉ ይጠሩት እንደነበር ተሰማ። ኩባንያው በዚያው ዘመን ባሕርን እንጠብቅ የሚል ዘመቻ ያካሂድ ነበር። በ1998 ዘጠኝ ሚሊዮን፣ በ1999 ደግሞ በ21 ክሶች 18 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ፕሪንሰስ ራሱም ከዚያ ቀደም ብሎ በ1993 ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቶ ያውቃል፤ ያን ጊዜ ያጋለጡት መንገደኞች ነበሩ። ባልና ሚስት ናቸው፤ ቆሻሻ የታጨቀበት ፕላስቲክ ከረጢት ፍሎሪዳ አጠገብ ከመርከብ ሲወረወር በቪዲዮ ካሜራቸው ቀረጹት። ኋላ የፕሪንሰስ ባለቤት የሆነው ካርኒቫልም በ2002 በሐሰት የዘይት መዝገብ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ 18 ሚሊዮን ከፍሏል። እንግዲህ ቤተሰቡ ለፍርድ ቤት እንግዳ አልነበረም።

በኤፕሪል 2017 ማያሚ ላይ ዳኛ ፓትሪሺያ ሳይትዝ ፍርዱን ሰጡ። ያ አዲስ መሐንዲስ ከቅጣቱ 1 ሚሊዮን ዶላር እንዲሰጠው ተወሰነ። የአሜሪካ ሕግ መረጃ ለሰጠ ሰው ከቅጣቱ እስከ ግማሽ ድረስ ሊሰጠው ይፈቅዳል። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ «ለገንዘብ ነው የተናገረው» ይላል። እስቲ አስቡት፤ ከመርከቡ የወረደ ዕለት ያገኘው ሥራ አጥነት ነው። ብሩ የመጣው ሦስት ዓመት ተኩል አልፎ ነው። የእኛም ልጆች በባሕር ሙያ ሠልጥነው በውጭ መርከቦች ሞተር ክፍል ይሠራሉ፤ አለቃቸው የሌላ አገር ሰው፣ ውላቸው የወራት፣ ቤተሰብ ደግሞ ደመወዙን የሚጠብቅ። ለእነሱ «አልፈርምም» ማለት ምን እንደሚያስከፍል ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

ቅጣቱ ገንዘብ ብቻ አልነበረም። ፍርድ ቤቱ የአምስት ዓመት አመክሮ ጣለ፤ ፕሪንሰስ ብቻ ሳይሆን በካርኒቫል ሥር ያሉ ሌሎች የመርከብ ኩባንያዎች፣ ሆላንድ አሜሪካ፣ ኩናርድ፣ ኮስታ፣ አይዳና ሌሎቹም በውጭ ሰዎች እንዲፈተሹ፣ ፍርድ ቤት የሾመው ተቆጣጣሪም እንዲከታተላቸው ተደረገ። እንግዲህ ታረሙ ትሉ ይሆናል።

ኩባንያው ፈታሾቹ ከመምጣታቸው በፊት የራሱን ቡድኖች ወደ መርከቦቹ መላክ ጀመረ። ለፍርድ ቤቱ አልነገረም። ቡድኖቹ ቀድመው ገብተው የሚያሳጣውን ነገር ሁሉ ያስተካክላሉ፣ ከዚያ ፈታሹ ሲመጣ ሁሉም በቦታው ነው። ልብ በሉ፤ ቡድን ተቋቁሟል፣ የአውሮፕላን ትኬት ተቆርጧል፣ ሰው ተሰማርቷል። መለያ ማሽኑን በጊዜው ለማደስ ውድ የነበረው ገንዘብ ለማስመሰል ሲሆን ተገኘ። ሌላም ነበር፦ የሥልጠና መዝገብ ተጭበርብሯል፤ በዲሴምበር 2018 «ካርኒቫል ኢሌሽን» ባሃማስ ውሃ ውስጥ ከምግብ ትራፊ ጋር የተቀላቀለ ፕላስቲክ ጥሏል። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል አይደል የሚባለው?

ዳኛ ሳይትዝ ተቆጡ። የኩባንያው መርከቦች አሜሪካ ወደብ እንዳይቆሙ ልከለክል እችላለሁ አሉ፤ ሹማምንቱም ራሳቸው ችሎት ፊት እንዲቀርቡ አዘዙ። ጁን 3 ቀን 2019 የካርኒቫል ቦርድ ሰብሳቢ ሚኪ አሪሰን ማያሚ ላይ ችሎት ፊት ቆሙ። የኩባንያው መሥራች የቴድ አሪሰን ልጅ ናቸው፤ ማያሚ ሂት የሚባለው የቅርጫት ኳስ ቡድንም የእሳቸው ነው። የቀረቡት ስድስት የአመክሮ ጥሰቶች ነበሩ፤ አንድ በአንድ ሲነበቡ ስድስት ጊዜ ኩባንያው ጥፋተኛ ነው አሉ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው አርኖልድ ዶናልድም እዚያው ነበሩ። ዳኛዋ ይህን ጉዳይ ሲሰሙ በአንድ ወቅት ሥልጣኑ ቢኖረኝ የበላይ አመራሩን አባላት ለሁለት ቀን ያህል ማረፊያ ቤት ልኬ አስጎበኛቸው ነበር፣ ሰው እውነቱን ለማየት ይረዳዋል የሚል ሐሳብ ሰነዘሩ። ዳኛዋ ያስቸገራቸው ነገር ግልጽ ነው። ኩባንያ አይታሰርም፤ የሚቀጣው በገንዘብ ነው።

ገንዘቡ ስንት ነው? 20 ሚሊዮን ዶላር። ካርኒቫል በ2019 ያገኘው ጠቅላላ ገቢ 20.8 ቢሊዮን ዶላር ነበር። አካፍላችሁ ብታዩት ቅጣቱ የአንድ ቀን ገቢ ሲሶ ገደማ ይሆናል። ጠዋት ቁርስ ተበልቶ ምሳ ሳይነሳ የሚገባ ገንዘብ ነው። ዋናው መሐንዲስ ስለ ወደብ ማራገፊያ ዋጋ ሲጨነቅ የነበረው እንግዲህ በዚህ ሀብት መካከል ተቀምጦ ነው።

ከዚያ ኮቪድ መጣ፣ መርከቦቹ ቆሙ፣ ወሬው ሁሉ ሌላ ሆነ። የፍርድ ቤቱ ጉዳይ ግን አላለቀም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ኩባንያው ራሱን የሚመረምር ነፃ የውስጥ ቢሮ እንዲያቋቁም ይጠበቅበት ነበር፤ ቀጣዩ ቅጥረኛ የሚያየውን ነገር የሚነግረው ሰው ኩባንያው ውስጥ እንዲያገኝ። ቢሮው ነበረ፤ ነፃነቱ ነው ያልነበረው። መርማሪዎቹ የምርመራቸውን ወሰን ራሳቸው እንዳይወስኑ ተከልክለዋል፤ ረቂቅ ሪፖርታቸው ላይም የሥራ አመራሩ እጅ ገብቶበታል፣ ዘግይቷልም። በጃንዋሪ 2022 ፕሪንሰስ ለሁለተኛ ጊዜ አመክሮውን በመጣስ ጥፋተኛ ነኝ አለና 1 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ቢሮውም ለካርኒቫል ቦርድ ኮሚቴ በቀጥታ ሪፖርት እንዲያደርግ ሆነ። አንድ መርማሪ ያየውን ለሚመረምረው አለቃ ሳይሆን ከአለቃው በላይ ላለው እንዲናገር ለማድረግ፣ ከ2016 ማብቂያ እስከ 2022 መባቻ አምስት ዓመት ፈጀ።